ሳል ይዞ

ከሙሐረቅ ገበያ ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣
አንድ ሽማግሌ አለ፣ ባሕር ዳር ሆኖ ባሕር የማያይ።
መስኮቱን እኔ ነኝ ያሸግሁት፣ በፕላስተር ዙሪያውን፣
የሰኔ አቧራ እንዳይገባ፣ እንዳያፍነው ሰውየውን።
ይገባል ግን። በቁልፍ ቀዳዳ፣ በማቀዝቀዣው ጥርስ፣
እንደ ዱቄት ይነጠፋል፣ ትራሱ ሥር እስኪደርስ።

ቡ ሻሂን ይሉታል። ዕድሜውን ራሱ አያውቅም፤
ሳንባው ግን ቆጥሮታል፤ ሳንባ ቁጥር አይስትም።
በልጅነቱ ጠላቂ ነበር፣ ሉል ለቃሚ ከባሕር ሥር፣
አፍንጫው በአጥንት ተቆንጥጦ፣ እግሩ ከድንጋይ ሲታሠር።
"አንድ ትንፋሽ ስቤ" ይለኛል፣ ጣቱን ወደ ወለሉ ቀስሮ፣
"እስከ መቶ እቆጥር ነበር።" ሦስት ላይ ያቆማል፣ ትንፋሹ አጥሮ።

ገመዱን ከጀልባው ላይ የሚይዝ አንድ ሰው ነበረው፤
ሲጨንቀው ገመዱን ነቅነቅ፤ ያ ሰው ነው ጎትቶ የሚያወጣው።
"ሰይብ" ይባላል በነሱ ቋንቋ። ያሁኑ ሰይብ እኔ ነኝ፤
ማታ ሲመሽ ከእጁ አንጓ በቀይ የልብስ ክር ያሰረኝ።
እሱ አልጋ ላይ፣ እኔ ወለል ላይ። ሲስበኝ እነሣለሁ፤
ማሽኑን እለኩሳለሁ፣ ጭንብሉን አጠልቃለሁ።
ሐኪሙ ረጅም ስም ነገረን፤ እኔ የገባኝ ይኼ ነው፦
አየር ይገባል፣ አይወጣም፤ እንግዳው በዝቶ በሩ የጠበበው።

እኔም ሳል አለብኝ።
የረመዳን ዋዜማ ለት፣ ክሎሮክሱን ካሲድ ጋር ደባለቅሁ፤
የመታጠቢያው በር ዝግ ነበር፤ እሳት ዋጥሁ፣ ደረጃው ላይ ወደቅሁ።
ከዚያ ወዲህ ደረቴ ያፏጫል፣ ጎህ ሲቀድ ይብሳል፤
ሦስት ትራስ ደርቤ ብተኛም፣ ከውስጥ ሆኖ ይጠራኛል።
የታችኛው ፎቅ ሠራተኛ፣ ሙጪት፣ "ምች ነው" አለችኝ ከበር፣
"ዳማከሴ ነበር የሚያሻሽ።" ዳማከሴ በየትኛው አገር!

ሳል ይዞ ስርቆት ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ምን ሰረቅሁ?
ግን በፎጣ አፍኜ ሳልሁ፣ በቧንቧ ድምፅ ሸፈንሁ፤
መኖሪያ ፈቃዴ ሊታደስ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው፤
ፈቃድ ደግሞ በራጅ ነው፤ ደረትን ብርሃን ነው የሚያነበው።
ዘምዚያ የምትባል ልጅ ነበረች፤ ድሮ የዳነ ነቀርሳዋ
እንደ አሮጌ ፊርማ ታየባት። ሳታነሣ ሸኟት ሻንጣዋ።
(ሻንጣዋን ማለቴ ነው። ሳስታውሳት ቋንቋም ይጠፋኛል።)

ያን ሌሊት አቧራው በረታ። ከእንቅልፌ ነቃሁ።
ክሩ አልተሳበም። እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ትንፋሽ ያጣሁ።
ደረቴ እንደ ዛገ መዝጊያ፣ ቢገፉት የማይከፈት፤
ልጣራ ስል ድምፅ የለኝም፤ ያለኝ ክሩ ነው፤ ሳብሁት።

ተነሣ። ለወራት ያልተነሣው።
በክንዱ ተደግፎ ጭንብሉን ከገዛ ፊቱ ላቀቀው፣
አፌ ላይ ደፋው። ጉሙ ጨው ጨው ይላል።
"ቀስ" አለኝ፣ "ባሕር የሚቸኩለውን ይበላል።
አትታገዪ። ያለሽን መጀመሪያ አስወጪ፤
ባዶ ያልሆነ አይሞላም። ተንፍሺ፣ ተንፍሺ፣ ከዚያ ውጪ።"
ከንፈሩ እየጠቆረ ነበር። ጭንብሉን መለስሁለት።
እስኪነጋ ተቀባበልነው፣ መንታ እንደሚጠባው ጡት።

ጠዋት የልጁ ሚስት ገብታ ክሩን አየች፤ ምንም አላለች፤
መቀስ አምጥታ ቆመች፣ ያንድ መድኃኒት ላስቲክ ቆርጣ ሄደች።

ዛሬ ራጅ ክፍል ቆሜያለሁ። ብረቱ ደረቴን ያቀዘቅዛል።
ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ልጅ ያዛጋል።
"ሳቢ" ይላል። እስባለሁ። "ያዢ" ይላል። እይዛለሁ።
አንድ። በአንጓዬ ላይ የክሩን ሰንበር በጣቴ እዳስሳለሁ።
ሁለት። ሳሉ ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ ይፈራገጣል።
ሦስት። ውስጤ ነጭ ነጥብ ካለ፣ አሸዋም ሉልም ይሆናል።
አራት። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሰው ገመዴን ይዟል።
አምስት።
"ልቀቂ" አላለኝም ገና።